ሲዬና በ1348 አልሞተችም

ሰሞኑን ስለ ጣሊያኗ ሲዬና የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ በቴሌግራምም በፌስቡክም እየዞረ ነው። እኔ ጋ ብቻ ከአራት ሰው ደረሰኝ። አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕር አላቸው። ስለ መካከለኛው ዘመን ጣሊያን በአማርኛ ሲጻፍ ማየትም ደስ ይላል። ግን የደረሱበት ድምዳሜ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ያህል ሰው ከተቀባበለው ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ ከበደኝ።

መጀመሪያ ሐሳባቸውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሲዬና እስከ 1348 ድረስ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሀብቷ ጫፍ ላይ የነበረች የአውሮፓ ባንክ ነበረች ይላሉ። «ዘጠኙ» የሚባሉት ገዢዎቿ በፍትሕ ያስተዳድሯት ነበር። ለዚህም በማዘጋጃ ቤቷ ግድግዳ ላይ ያለውን ዝነኛ ሥዕል በማስረጃነት ያቀርባሉ። ከዚያ ጥቁሩ ሞት የተባለው የወረርሽኝ በሽታ መጣና 80,000 ሰው ጨረሰ። ሰዉ ከመጸለይ በቀር ያደረገው ነገር አልነበረም። ካቴድራሉ በጅምር ቀረ፣ መንግሥቱ ወደቀ፣ ከተማዋም ለጎረቤቷና ለተቀናቃኟ ከተማ ለፍሎረንስ እጇን ሰጠች። በመጨረሻ አንድ ማጽናኛ ያክላሉ፤ ከሞት የተረፈው ድሃ ደመወዙ ስለጨመረለት ወረርሽኙ ለድሃው በረከት ሆነለት ይላሉ።

በዚህ ትረካ ውስጥ የሚወስን ሰው የለም። የሚያበድር፣ የሚከስር፣ ግብር የሚጥል፣ ጎረቤቱን ከሥልጣን የሚያገል፣ የሚያምፅ ሰው አታዩበትም። ሁሉንም ያደረገው በሽታው ነው። እኔን የከነከነኝ ይሄ ነው።

የሐዘኑን ነገር አሳምረው ጽፈውታል። እዚያ ላይ የምጨምረው እንጂ የምቀንሰው የለኝም። በሽታው በ1347 መገባደጃ ሲሲሊ ደሴት ላይ ያለችው መሲና ወደብ ገባ። በ1348 መጀመሪያ ፒሳ ደረሰ። በአውሮፓ ፀደይ ሲዬና ውስጥ ነበር። አኞሎ ዲ ቱራ የሚባል የከተማዋ ሰው በዓይኑ ያየውን ጽፎ አቆይቶልናል። አባት ልጁን ጥሎ ይሸሻል፣ ሚስት ባሏን። በገንዘብም በወዳጅነትም ሬሳ የሚቀብር አይገኝም። ትልልቅ ጉድጓድ ይቆፈርና ሬሳ በሬሳ ላይ ይደረደራል። አፈሩ ስስ ስለሆነ ውሾች እየጫሩ ያወጡታል። ደወል የሚደውል የለም። የሚያለቅስም የለም፤ ሁሉም የራሱን ሞት እየጠበቀ ነው። ከዚያ አንዲት መስመር ትመጣለች፦ እኔ አኞሎ ዲ ቱራ አምስት ልጆቼን በገዛ እጄ ቀበርኩ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ስለዚያ ዓመት ቀለል አድርጌ ማውራት አልችልም።

80,000 የሚለው ቁጥር የመጣውም ከዚሁ ከአኞሎ ነው። 52,000 በከተማዋ፣ 28,000 በዙሪያዋ ሞተ ብሎ ይከፍለዋል። ችግሩ፣ ከወረርሽኙ በፊት በከተማዋ ይኖር የነበረው ሕዝብ በብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ግምት 50,000 አካባቢ መሆኑ ነው። ከነበረው ሰው በላይ ሊሞት አይችልም። አኞሎ ሊዋሽ የፈለገ አይመስለኝም። ፊቱ የወደቀው ሬሳ ሊቆጠር የሚችል አልነበረም። የዚያ ዘመኑ ደራሲ ቦካቺዮም ፍሎረንስ ውስጥ ብቻ ከ100,000 በላይ ሞተ ብሏል፤ እሱም እንዲሁ የተጋነነ ነው። ለሲዬና ሚዛን የሚደፋው ግምት ከግማሽ በላይ ሕዝቧን አጣች የሚለው ነው። ይሄ ራሱ ለማሰብ የሚከብድ ነው። ማጋነን አያስፈልገውም።

ወደ ባንኩ ልምጣ። ሲዬና የአውሮፓ ባንክ የነበረችበት ዘመን አለ። ግን 1348 አይደለም። ወደ 60 ዓመት ገደማ ወደኋላ መመለስ አለብን። የቦንሲኞሪ ቤተሰብ «ግራን ታቮላ»፣ ማለትም ትልቁ ጠረጴዛ፣ የሚባል ባንክ ነበረው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ ግዙፎቹ አንዱ ነበር። የሮማው ጳጳስ ገንዘብ ሳይቀር በእሱ በኩል ይንቀሳቀስ ነበር። በ1298 ቀውስ ገጠመው። አስቀማጮች ገንዘባችንን አምጡ አሉ፣ ሸሪኮቹም እርስ በርሳቸው ተጣሉ። በ1309 ባንኩ ሙሉ በሙሉ ፈረሰ። የጳጳሱ ገንዘብም ወደ ፍሎረንስ ባንኮች ዞረ። ይሄ ሁሉ የሆነው ጥቁሩ ሞት ከመምጣቱ 39 ዓመት በፊት ነው። በ1348 የሞቱት ብዙዎቹ ግራን ታቮላ ሲፈርስ ገና አልተወለዱም።

መልክዓ ምድሩም አለ። ሲዬና ኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ወንዝ የላትም። የመጠጥ ውኃ እንኳ ታገኝ የነበረው ከመሬት በታች በተቆፈሩ ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሚጠጉ ዋሻዎች ነው። በዚያ ዘመን ትልቁ ኢንዱስትሪ ሱፍ ነበር፤ ሱፍ ደግሞ ውኃ ይጠጣል። ማጠብ፣ መውገር፣ ማቅለም ሁሉ በውኃ ነው። ፍሎረንስ አርኖ ወንዝ በመሀሏ ያልፋል። ሲዬናዎች ቢያንስ ባሕር እንዲኖራቸው ብለው በ1303 ታላሞኔ የሚባል ወደብ ገዙ። ወደቡ ወባ የበዛበት ነበር፤ የታሰበውን ያህል ንግድ ሳያመጣ ቀረ። በ1321 የሞተው ዳንቴ ሲዬናዎች በታላሞኔ ላይ የጣሉትን ተስፋ ከንቱ ብሎ በግጥሙ ተሳልቆበታል። በሌላ አነጋገር ከተማዋ ወደኋላ መቅረት እንደጀመረች ከወረርሽኙ በፊት የኖረ ሰው ያውቅ ነበር።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ሲዬናን ያሳነሳት በሽታው ከሆነ ፍሎረንስን ለምን አላሳነሳትም? ያው በሽታ ነው፣ ያው ዓመት ነው፣ በመሀላቸው ያለው የሁለት ቀን የእግር መንገድ ነው። ፍሎረንስም ከግማሽ በላይ ሕዝቧን እንዳጣች ይገመታል። ታሪኳን ሲጽፍላት የኖረው ጆቫኒ ቪላኒ ራሱ በወረርሽኙ ሞተ። ያውም ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ባርዲና ፔሩዚ የሚባሉት ግዙፍ ባንኮቿ ከስረው ነበር፤ በ1346 እና 47 ደግሞ ረሃብ ነበረባት። በክስረትም፣ በረሃብም፣ በበሽታም የተመታች ከተማ ናት። ግን ከ100 ዓመት በኋላ ሁለቱም ከተሞች ያሉበትን ክልል፣ ቱስካኒን፣ በአብዛኛው የያዘችው እሷ ናት። የሁለቱን መንገድ የለየው ሁለቱንም እኩል የመታው ነገር ሊሆን አይችልም። ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

የሥዕሉ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። አምብሮጆ ሎሬንዜቲ በ1338 እና 39 የሣለው ሥዕል ዛሬም በማዘጋጃ ቤቷ በፓላዞ ፑብሊኮ ግድግዳ ላይ አለ። እውነትም ዓይን ይይዛል። ጫማ ሠሪው ሱቁን ከፍቷል። አስተማሪው ተማሪዎቹ ፊት ተቀምጧል። ግንበኞች እርብራብ ላይ ቆመው ቤት ይሠራሉ። መንገዱ ላይ እየጨፈሩ ያሉ አሉ። የከተማዋ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ገበሬው እየገባና እየወጣ ነው። ጸሐፊው ይህን አይተው «ሲዬና እንዲህ ነበረች» አሉ። ግን ቀና ብለው ከበሩ በላይ ያለችውን ሴት ቢያዩ ጥሩ ነበር። ስሟ «ደኅንነት» ነው። በአንድ እጇ ሰው ሁሉ ያለ ፍርሃት ይሂድ የሚል ጽሑፍ ይዛለች። በሌላው እጇ መስቀያ ይዛለች፤ መስቀያው ላይ የተሰቀለ ሰው አለ።

ሥዕሉን ያዘዙት ዘጠኙ ናቸው። የተሣለውም እነሱ ለሥራ በሚቀመጡበት ክፍል ነው። ገዢዎች ከፍለው ስለ መልካም አስተዳደር ያሣሉት ሥዕል ምን መምሰል እንደሚፈልጉ ይነግረናል። ምን እንደነበሩ ለማወቅ ሌላም ማየት ያስፈልጋል። ዘጠኙ ከ1287 እስከ 1355 ገዝተዋል። በየሁለት ወሩ ይቀያየሩ ነበር። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ሥልጣኑን ጨምድዶ እንዳይዝ ያደርጋል። ግን የሚቀያየሩት ከነጋዴና ከባንከኛ ቤተሰቦች መሀል ብቻ ነበር። መኳንንቱ በሕግ ታግደዋል። ዳኞችና የውል ጸሐፊዎችም እንደዚሁ። ሥጋ ሻጩና ቀጥቃጩ ደግሞ በተግባር ቦታ አልነበራቸውም። በ1318 ሥጋ ሻጮች፣ ቀጥቃጮችና የውል ጸሐፊዎች ከአንዳንድ መኳንንት ጋር ሆነው አመፁ። አመፁ ከሸፈ። ቅሬታው ግን አልከሸፈም። ይሄም ከወረርሽኙ 30 ዓመት በፊት ነው።

ዘጠኙ የወደቁት በማርች 1355 ነው። ከበሽታው በኋላ ሰባት ዓመት ቆይተዋል ማለት ነው። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ምን ሆነ? ቅጥረኛ ወታደሮች ቱስካኒን እየዞሩ ገንዘብ ካልከፈላችሁን እናቃጥላለን ይሉ ነበር። በ1354 ፍራ ሞሪያሌ የሚባለው አለቃቸው ከነሠራዊቱ መጣ። ከተሞቹ እየከፈሉ ሸኙት። የሚከፈለው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ከሕዝቡ፤ በግብርና በግዴታ ብድር። ምሬቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ የጀርመኑ ንጉሥ ካርል አራተኛ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ሊጭን ወደ ሮም ሲያልፍ ሲዬና ገባ። መኳንንቱና የታችኛው ሕዝብ አጋጣሚውን ጠበቁ። ንጉሡ ከተማው ውስጥ እያለ ተነሡ። የዘጠኙ ተመራጮች ስም የተቀመጠበት ሣጥን በአህያ ጅራት ታስሮ በከተማው መሬት ለመሬት ተጎተተ። ይህን ያደረጉት ለዓመታት ከዚያ ሣጥን ስማቸው ወጥቶ የማያውቅ ሰዎች ናቸው።

ወረርሽኙ እዚህ ውስጥ ምንም እጅ የለውም አልልም። አለው። ከገዢዎቹ ቤተሰቦች ብዙ ሰው ሞቷል። በአንድ ጊዜ ከሦስትና ከአራት ዘመድ ውርስ የደረሳቸው አዲስ ሀብታሞች ብቅ ብለዋል፤ እነሱም ገንዘብ አለን፣ ወንበርስ ማለታቸው አልቀረም። ስለዚህ በሽታው ነገሩን አፋጠነው ቢሉ እስማማለሁ። ጣለው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

«ከመጸለይ በቀር ምንም አላደረጉም» የሚለው በጣም አሳዝኖኛል። ጸለዩ፣ አዎ። ዛሬም ከማዘጋጃ ቤቱ ማማ ሥር የቆመችው ትንሿ ጸሎት ቤት ከዚያ መከራ በኋላ በስለት የተሠራች ናት። ግን የምክር ቤቱ ውሳኔዎችም አሉ። ጁን 2 ቀን 1348 የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ቁማር ለዘላለም ታገደ፤ ከዚያ ካዝናው ሲራቆት ዓመቱ ሳያልቅ እገዳው ተነሣ፣ ምክንያቱም ከቁማር የሚገኘው ቀረጥ ያስፈልግ ነበር። ሰው ስላለቀ የምክር ቤቱ ወንበር በሲሶ ተቀነሰ። ከውጭ መጥቶ ለሚሰፍር ሰው ማበረታቻ ተሰጠ። እነዚህን ውሳኔዎች ያሳለፉት ሰዎች ቤታቸው ሬሳ እያለ ነው ወደ ስብሰባ የሄዱት። ሌሎች ከተሞችንም እንይ። ፒስቶያ በሜይ 1348 ከታመመ አገር ጨርቅ እንዳይገባ፣ ሬሳ በጥልቅ እንዲቀበር፣ ለቀብር ደወል እንዳይደወል የሚል ዝርዝር ደንብ አወጣች። ደወሉ የተከለከለው የታመመው ሰምቶ ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው። ቬኒስም በዚያው ዓመት ጉዳዩን የሚከታተል ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ አቋቁማለች። ባክቴሪያ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቁም ነበር። እጃቸውን አጣጥፈው ግን አልተቀመጡም።

አሁን የካቴድራሉን ነገር ላንሣ። የጸሐፊው ዋና ማስረጃ እሱ ነው፤ ፎቶውንም ከጽሑፋቸው አናት ላይ ያደረጉት ለዚህ ነው። እኔም እዚያ ቆሜያለሁ። «ፋቻቶኔ» ይሉታል፣ ትልቁ ፊት ማለት ነው። ጣሪያና ጀርባ የሌለው፣ ለብቻው የቆመ የግድግዳ ፊት። በአንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍ ጠመዝማዛ ደረጃ ይወጣል። ላይ ሲደርሱ ከተማዋ በሙሉ ከእግር በታች ናት። ወደ ታች ካዩ ደግሞ ሊሠራ የነበረው አዳራሽ ባዶ ቦታ ይታያል፤ ሰው ያልፍበታል። አንዱ ጎኑ በግንብ ተዘግቶ ዛሬ ሙዚየም ነው። እዚያ የቆመ ሰው «ሁሉም በአንድ ቀን ቆመ» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እንደዚያ ነው።

ግን ታሪኩ እንዲህ ይሄዳል። በ1339 ምክር ቤቱ ግዙፍ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ወሰነ። ያኔ የነበረው ካቴድራል ራሱ የአዲሱ መስቀለኛ ክንፍ ብቻ ይሆን ነበር። በ1348 ሥራው ቆመ፤ ይሄ የወረርሽኙ ሥራ ነው፣ አልክድም። ገንዘብም ጠፋ፣ ግንበኛም ሞተ። ሆኖም ያኔ የተተወ አልነበረም። በ1356 ከፍሎረንስ የመጣ ባለሙያ ጭምር ሕንፃውን እንዲመረምር ተደረገ። የተገኘው ነገር ከባድ ነው። ዓምዶቹ ለሚሸከሙት ክብደት ቀጭን ናቸው፣ የተሠራው አያስተማምንም፣ ለመጨረስ ከ100 ዓመት በላይ ይፈጃል። በ1357 አደገኛው ክፍል እንዲፈርስ ታዘዘ። ካቴድራሉን ያስቀረው አቅምን ሳይለኩ የተነሣ ዕቅድና የግንባታ ስህተት ነው። ስህተቱን ደግሞ የሠሩት በ1348 የሞቱትም ሆነ የተረፉት አብረው ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሲዬና ከዚያ በኋላ መገንባት አላቆመችም። በስለት የተባለችው ጸሎት ቤት በ1352 ተጀመረች። የአሮጌው ካቴድራል የፊት ለፊት የላይኛው ክፍል ከ1376 ጀምሮ ተሠራ። ሁለተኛው ደግሞ ፍሎረንስ ነው። የፍሎረንስ ካቴድራል በ1296 ተጀምሮ ሲቆም ሲነሣ የኖረ ነው። ሥራው በአዲስ ጉልበት የቀጠለው መቼ መሰላችሁ? በ1357። ሲዬና ማፍረስ በጀመረችበት በዚያው ዓመት። ታላቁ ጉልላት ደግሞ በ1436 ተጠናቀቀ። ያንኑ በሽታ ያዩ ሁለት ከተሞች፣ አንዷ እያፈረሰች ሌላዋ እየገነባች።

«በረከት» ወደሚለው ቃል ልምጣ። ደመወዝ ጨመረ፣ እውነት ነው። ሠራተኛ ሲጠፋ የተረፈው ዋጋው ይወደዳል። ግን ጸሐፊው እዚያ ላይ ያቆማሉ። ከዚያ በኋላ ባለመሬቶችና ጌቶች ዝም ብለው አላዩም። እንግሊዝ በ1349 እና በ1351 ደመወዝ ከድሮው በላይ እንዳይከፈል ሕግ አወጣች። ፍሎረንስም በ1349 በገጠር ሠራተኛ ላይ እንደዚያው አደረገች። ሲዬናም የገጠሩ ሠራተኛ ከልክ በላይ ይጠይቃል ብላ እጁን ለመያዝ ሞክራለች። በሽታውም በ1363 እና በ1374 ተመልሶ መጣ።

ድሃው ከተጠቀመ በ1371 የሆነው ለምን ሆነ? ኦቪሌ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ የሲዬና ሱፍ አበጣሪዎች ተነሡ። ማኅበራቸው «ብሩኮ»፣ አባጨጓሬ፣ ይባል ነበር። ጥያቄያቸው ቀላል ነው። ክፍያችን የሱፍ ጌቶች በፈለጉት ሳይሆን ከተማው በደነገገው ይሁን። ጥቂቶቹ ታሰሩ። ጓደኞቻቸው ሊያስፈቱ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዱ። ጥቂት ሳይቆይ ሰፈራቸው በታጠቁ ሰዎች ተወረረ። ሴትና ሕፃን ሳይቀር ተገደለ። ይህን ያደረገው በሽታ አይደለም።

በ1385 ደግሞ የእጅ ባለሙያዎች ድርሻ የነበራቸው መንግሥት ተገለበጠና ብዙ ሺህ ሠራተኛ ከከተማ ተባረረ። ቁጥሩን ወደ 4,000 የሚያደርሱት አሉ። አስቡት። ሕዝቧ በወረርሽኝ ያለቀ፣ ሰፋሪ ፍለጋ ማበረታቻ የሰጠች ከተማ፣ ከ37 ዓመት በኋላ የተረፏትን ሸማኔና ጫማ ሠሪ በገዛ እጇ አስወጣች። ሲዬናን ምን አሳነሳት ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የማሳየው ይህን ዓመት ነው።

የቀረው «ለፍሎረንስ እጇን ሰጠች» የሚለው ነው። ሰጥታለች፤ ግን በ1555። ከጥቁሩ ሞት 207 ዓመት በኋላ። በመሀሉ በ1357 ዩኒቨርሲቲዋ ከንጉሠ ነገሥቱ ዕውቅና አገኘ። በ1363 ከሚያስገብሯት ቅጥረኞች አንዱን ጦር ሜዳ ላይ ገጥማ አሸነፈች፤ ድሉንም ማዘጋጃ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሣለችው። ቅድስት ካተሪናን፣ ያቺን የማቅለሚያ ቤት ባለቤት ልጅ፣ ለዓለም የሰጠችው በእነዚያው ዓመታት ነው። ሞንቴ ዴ ፓስኪ የሚባለው ባንኳ የተመሠረተው በ1472 ነው፤ እስከ ዛሬ አለ።

በ1555 ስትወድቅም ከወራት ከበባና ከረሃብ በኋላ ነው፤ ከፍሎረንሱ ገዢ ከኮሲሞ ጎን የንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ጦርም ነበር። ያኔም ቢሆን ብዙ ቤተሰቦች እንገዛም ብለው ከተማቸውን ጥለው ወጡ። ሞንታልቺኖ የምትባል የኮረብታ ከተማ ገቡ። ሪፐብሊካቸውን እዚያ ይዘው እስከ 1559 ቆዩ። የራሳቸውንም ሳንቲም አተሙ። ሳንቲሙ ላይ የቀረጹት «የሲዬና ሪፐብሊክ በሞንታልቺኖ» ብለው ነው።